ያረጀውን ጀነሬተር ማሳደስ ወይስ አዲስ መግዛት?

አቃቂ፣ ወንዙ አጠገብ ባለው የእህቴ ዳቦ ቤት ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ያገለገለ የናፍታ ጀነሬተር አለ። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፤ በየሳምንቱ ዘይት ይጨመርለታል። ታሳድሰው ወይስ ሸጣ አዲስ ትግዛ? በዚህ ክረምት ብዙ ሰው የሚያስጨንቅ ጥያቄ ስለሆነ ሁለቱን አነጻጽሬያለሁ።

በወጪ ማሳደሱ ይቀላል። ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ቫልቭ ሁሉ ይቀየራል። እኔ የምጠይቀው ግን የማይቀየረው ክፍል እንዴት ነው ብዬ ነው። የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ፈቃድ ሲራዘምም ዋናው ጭንቀት ይኸው ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ፈቃድ 40 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ በየ20 ዓመቱ ይታደሳል። ፓምፑም ኬብሉም ይተካል። ነዳጁን የያዘው ወፍራም የብረት ጋን ግን ለዓመታት ከነዳጁ በሚወጡ ኒውትሮን በሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ሲደበደብ ተሰባሪ ይሆናል፣ ለስንጥቅም ይጋለጣል፤ እሱን አውጥቶ መተካት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ከዚያው ብረት የተቆረጡ ናሙናዎች ጋኑ ውስጥ ተቀምጠው በየጊዜው እየወጡ ይፈተሻሉ። የጀነሬተሩ ጋን የሞተሩ ብሎክ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን የያዘው ዋናው የብረት አካል ነው። መካኒኩ ሲሊንደሩን በመሣሪያ ሳይለካ፣ ስንጥቅ ሳይፈልግ «ይታደሳል» ካላችሁ ቀብድ አትክፈሉ።

አዲሱ ዋስትና አለው፣ ናፍታም ይቆጥባል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ኃይል ግን እንዳለ አትመኑ። የእኛ ከፍታ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ይደክማል። የሊጥ ማቡኪያው ደግሞ ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይስባል። ስለዚህ ሰፋ ያለ አቅም ያለውን ምረጡ። ሶላርና ባትሪ ለመብራት ጥሩ ነው፤ ለምድጃ ግን ዋጋው አይቀመስም።

አንድ ነገር እጅግ ያሳስበኛል። በጃፓን የፉኩሺማ ዳይቺ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ቁጥር 1 ሪአክተር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 ሥራ ጀምሮ፣ በየካቲት 2011 የ10 ዓመት ማራዘሚያ ተሰጠው። በወሩ ሱናሚ መጣ። የመጠባበቂያ ናፍታ ጀነሬተሮቹ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለነበሩ ውኃ ዋጣቸው፤ ማቀዝቀዣውም ቆመ።

የእህቴ ጀነሬተር ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። አምና ክረምት ጎርፉ የቆመው ከመሠረቱ አንድ ስንዝር ሲቀረው ነው። ብሎኩ ተለክቶ ጤነኛ ሆኖ ስለተገኘ እንድታሳድሰው መክሬያታለሁ። ከፍ ያለው የኮንክሪት መደብ ግን ከፒስተኑ በፊት ይሠራል።