የራስ መከላከል ስልጠናው እና የጠበቃዋ ቅዳሜ

ሰፈራችን ያለ ቴኳንዶ ጂም የሁለት ወር ራስን የመከላከል ስልጠና ጨረስኩ፣ በጣም የጠቀመኝ ግን ቦክሱም እርግጫውም ሳይሆን አንድ ቅዳሜ ጠበቃ ጋብዘው መንገድ ላይ ለማናውቀው ሰው ስንደርስ ሕጉ እስከየት እንደሚፈቅድ ያስረዱን ቀን ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ለራስህ ብቻ ሳይሆን ለሌላ ሰውም መከላከል ትችላለህ ይላል፣ ዘመድህ መሆን የለበትም፣ ግን ጥቃቱ ሕገወጥና አሁን እየደረሰ ያለ ወይ ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለና ኃይልህ ከአደጋው ጋር ከተመጣጠነ ብቻ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሴት የሚደበድብ ሰው ገፍትረህ ብታስጥላት አንድ ነገር ነው፣ ወድቆ እጁን ከሰጠ በኋላ ብትረግጠው ግን ያ መከላከል አይደለም በቃ። እኛ አገር ስንቱ ሞባይል ነጣቂ ከተያዘ በኋላ ነው በደቦ የሚደበደበው፣ ያሳዝናል በእውነት! ከመጠን ካለፍክ ደግሞ አንቀጽ 79 አለ፣ ቅጣቱ ይቀልልሃል፣ በጥቃቱ ደንግጠህ ወይ ፈርተህ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጭራሽ ላይቀጣህም ይችላል።

አሰልጣኞቹ ትግስተኞች ናቸው፣ መጀመሪያ የሚያስተምሩትም መጮህና ሰው መጥራት ነው። ቅር ያለኝ የሕጉ ክፍል አንድ ቀን ብቻ መሆኑ ነው፣ ጥያቄያችን ሳያልቅ ተበተንን፣ እባካችሁ ሦስት ቀን አድርጉት።