የአባቴን እንቅልፍ ለመለሰልን የባሕር ዳር ልጅ

ስለ አንድ የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ ልጅ ይህን የምጽፈው አባቴ ስላዘዙኝ ነው። «እኔ በመስቀሌ ባርኬዋለሁ፣ አንቺ ደግሞ በዚያ ስልክሽ ሕዝብ ፊት አመስግኚልኝ» አሉኝ። ባያዙኝም እጽፈው ነበር። ባሕር ዳርና ዙሪያዋ ያላችሁ፣ ቤታችሁ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው ያለባችሁ፣ ሲፓፕ የሚባለው መተንፈሻ ማሽን የታዘዘላችሁ፣ እባካችሁ ረዘመ ብላችሁ አትለፉት።

አባቴ ቄስ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በጣና ዳር አድባራት ያገለገሉ፣ ማኅሌት ቆመው ማደር የማይከብዳቸው ሰው ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን መቋሚያቸውን እንደተደገፉ ማንቀላፋት ጀመሩ። ገበታ ላይ ተቀምጠው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ሌሊት ማንኮራፋታቸው ከግድግዳ ማዶ ይሰማል፤ እኛን የሚያስፈራን ግን ድንገት ዝም ሲሉ ነው። ትንፋሻቸው ቁርጥ ይላል። እናቴ ተነስታ ስትነቀንቃቸው ከውሃ እንደወጣ ሰው አየር ይስባሉ። ስንት ዓመት እንዲህ ስታዳምጥ አደረች!

ሰው ያላለው የለም። መተት ነው ያለ አለ፣ እርጅና ነው ያለ አለ፣ «ጸሎት አጓድለው ነው» ያለም አልጠፋም። ይህ የመጨረሻው አባቴን እንዴት እንዳቆሰላቸው እኔ ልጃቸው አውቃለሁ።

በኋላ ወንድሜ አዲስ አበባ ወስዶ አሳያቸው። ጣታቸው ላይና አፍንጫቸው ሥር መሣሪያ አድርገውላቸው ሌሊቱን ተመዘገበ። ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ ሲተኙ የጉሮሯቸው ጡንቻ ይላላና የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። ትንፋሽ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ሲቆም አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ በሰዓት 5 ከደረሰ እንደ ሕመም ይታያል፣ ከ30 ካለፈ ከባድ ነው። የአባቴ ከ30 ያለፈ ነበር። በመድኃኒት አልወርድ ያለውን የደም ግፊታቸውንም ይኸው ነገር ሊያባብሰው እንደሚችል ነገረን። ማሽን አዘዘላቸው፣ እህቴ ከአሜሪካ ላከችልን፣ እኛም ተገላገልን ብለን ደስ አለን።

መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቦታ ገና ከሳጥኑ ሳይወጣ «ይሄ ኦክስጅን ነው፣ ቤት ውስጥ ይፈነዳል» ብለው እናቴን አስለቀሷት። ሌላ ቦታ አስቀምጣችሁት ሂዱ አሉን፣ ነገ ዛሬ እያሉ አመላለሱን፣ መጨረሻ ላይ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ብለው አዲስ ሊገዛ የሚችል ብር ጠሩብን። እንቢ ብለን ስንወስደው ደረሰኝ እንኳ አልሰጡንም። ከሁሉም የማልረሳው ግን የአንዱን ሰውዬ ነው። ፊት ላይ የሚደረገው የማሽኑ ማስክ በአባቴ ጢም በኩል አየር እያፈሰሰ ሲያስቸግር፣ ሰው ፊት እየሳቀ «ቄስ፣ ወይ ጢምዎን ይላጩ ወይ ማሽኑን ይሽጡት» አላቸው። አባቴ ምንም አልመለሱም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ፤ ቤት ስንደርስ ማሽኑን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብተው «በቃ፣ እግዚአብሔር እንዳለው ይሁን» አሉ።

ይህን ልጅ ያገናኘችን ጎረቤታችን ነርስ ናት። የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ ነው። ማታ ከሥራ በኋላ ቤት ድረስ መጣ። ጫማውን አውልቆ መስቀል ተሳለመ፣ ከዚያ ማሽኑን ከመንካቱ በፊት አባቴ አጠገብ ቁጭ ብሎ «አባ፣ እስኪ ሌሊት የሚሆኑትን ይንገሩኝ» አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ እሳቸውን የጠየቀ አልነበረም! ሁሉም የሚያወራው ከእኔ ጋር ነበር።

ተቃጥሏል የተባለውን ማሽን ፈታ፣ ነካካ፣ ምን እንዳደረገ አልገባኝም። ሠራ። ከዚያ ማስኩን በራሱ ፊት ላይ አድርጎ መደቡ ላይ ጋደም አለ። «አባ፣ ይዩኝ፣ ኦክስጅን አይደለም፤ ይቺኑ የቤታችሁን አየር ስቦ በግፊት ጉሮሮ ከፍቶ የሚይዝ ነው» አላቸው። እናቴ ያን ጊዜ ነው ከበሩ ገባ ያለችው።

ቀጥሎ የአባቴን ጢም ለረጅም ጊዜ አየና «ጢሙ አይነካም» አለ። ይህችን ቃል አባቴ እስካሁን ይደግሟታል። ትልቁ ማስክ አፍንጫና አፍን አንድ ላይ ስለሚሸፍን ጢሙ ላይ ሲያርፍ ክፍተት ይፈጥራል። እሱ ከቦርሳው ትንሽዬ ማስክ አወጣ፤ ሁለት ለስላሳ ጫፎቿ አፍንጫ ቀዳዳ ላይ ብቻ የሚያርፉ ናት። ጢም ጋ አትደርስም። ለካ ያን ያህል ቀላል ነበር! አፋቸው ተከፍቶ አየሩ እንዳይወጣ እናቴ እያየች እንድትነግረው አደራ አላት። ወንድሜ በስልክ «የማሽኑን ግፊት ጨምርላቸው» ሲለው «እሱን ሐኪሙ ነው የወሰነው፣ ያለ እሱ አልነካም» አለው። ከዚያም አባቴ እስኪተኙ ድረስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቡና ቀርቦለት «ይቆይ፣ ድምፅ እንዳናሰማ» አለ። ስንት ሰው ብር ተቀብሎን ገፍቶን ነበር፣ ይህ ልጅ ግን የሰው አባት እስኪተኛ ጠበቀ። ሲነጋ ደውሎ «እንዴት አደሩ?» አለ።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ቀላል አልነበሩም፤ አፍንጫቸው ይደርቅ ነበር። በስልክ እያስረዳ የማሽኑ እርጥበት መስጫ ውስጥ ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ውሃ እንድናደርግ፣ ማስኩን በለዘብተኛ ሳሙና እንድናጥብ አስተማረን። መብራት ሲጠፋስ ብለን ስንጨነቅ ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይር ኢንቨርተር አገጣጠመልን፤ በባትሪ ስንጠቀም የማሽኑን የውሃ ማሞቂያ ብናጠፋው ብዙ እንደሚቆይም ነገረን። የማስኩንና የዕቃውን ዋጋ ብቻ ነው የተቀበለው። ለድካሙ ስንሰጠው እንቢ ብሎ፣ እናቴ የዘጌ ቡና በግድ አስያዘችው።

ዛሬ አባቴ ማኅሌት ቆመው ያድራሉ። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን አላቋረጡም፣ ሐኪማቸው ይከታተላቸዋል፤ ቀን ላይ ግን ፊታቸው ሌላ ነው። እናቴም ትተኛለች።

ወገኖቼ፣ ቤታችሁ የሚያንኮራፋና መሐል ላይ ትንፋሹ የሚቆም ሰው ካለ፣ በተለይ መኪና ወይም ባጃጅ የሚነዳ ከሆነ፣ መተት ነው እያላችሁ አትቀመጡ፤ አስመርምሩት። ማሽኑ ኖሯችሁ አልሠራ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልጅ አግኙት። ደግሜ እላለሁ፣ አግኙት፤ ታማኝ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፣ ሥራውን ያውቃል። ስልኩን እዚህ እንዳልለጥፍ ስለለመነኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። የሚመቸው ማታ ማታና ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ስትደውሉለት የሐኪሙን ወረቀት በእጃችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።