8088 ወይስ 68000? ለኪሱ ለሚያስብ

ሰሞኑን ሦስት ጓደኞቼ ተራ በተራ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «የድሮ ፕሮሰሰር ገዝቼ በእጄ ኮምፒውተር ልገጣጥም ነው። የኢንቴሉን 8088 ልያዝ ወይስ የሞቶሮላውን 68000?» እኔ 8088 ነው የምለው። ታዳላለህ ካላችሁኝም አልክድም።

መጀመሪያ ገንዘቡ። 8088ን በ4 ዶላር፣ 68000ን በ15 ዶላር ነው ያስመጣሁት። ጣጣው ግን እዚያ አያበቃም። 8088 ዳታ የሚያመላልሰው በ8 ቢት ስለሆነ ከማስታወሻ ቺፖች አንድ ሮምና አንድ ራም ይበቃዋል። 68000 ግን በ16 ቢት ስለሚያመላልስ ሁለት ሁለት ትገዛላችሁ። ባለ 64 እግር ስለሆነ ሶኬቱም ይወደዳል። 8088 በበኩሉ ላች የሚባሉ ትንንሽ ቺፖች ይፈልጋል፤ እነሱ ግን የሳንቲም ናቸው።

«ሴግመንቱስ? ያሳብዳል አሉ» ይሉኛል። ኧረ ተዉ! ሴግመንት ማለት 8088 ማስታወሻውን የሚያይበት ክፍል ነው፤ ኦፍሴት ደግሞ ከክፍሉ መጀመሪያ ያለው ርቀት። በሄክሳዴሲማል (በ16 በሚቆጥረው አጻጻፍ) ሴግመንቱ 1234፣ ኦፍሴቱ 0005 ነው እንበል። 1234 መጨረሻ ላይ ዜሮ ትቀጥላላችሁ፣ 5 ትደምራላችሁ፦ 12345። በቃ። በዚህ ዘዴ ባለ 16 ቢት ሬጅስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ቁጥር የሚይዝ ቦታ) እስከ 1 ሜጋባይት ይደርሳል። ሴግመንት ውስጥ ያለ አድራሻ 2 ባይት ብቻ ይይዛል፤ የ68000 ሙሉ አድራሻ 4። 1000 አድራሻ ብታስቀምጡ 2000 ባይት ወይስ 4000? በ1978፣ የ8088 ታላቅ ወንድም 8086 ሲወጣ፣ ይህ የዋዛ ነገር አልነበረም። ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ ሴግመንቱን ብቻ ቀይራችሁ ሌላ ቦታ ብትጭኑት ይሠራል፤ ውስጡ አይነካም። ይልቅ የሚያስቀኝ በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ ነው። ፕሮሰሰሩ ሴግመንት የማያስፈልገው 68000 ሆኖ ኮዱን በ32 ኪሎባይት ይቆራርጥ ነበር!

ከ64 ኪሎባይት የሚበልጥ ምስል ላይ ልትሠሩ ከሆነ ግን፣ አንድ ሴግመንት ከ64 ስለማያልፍ፣ 8088 ያማርራችኋል። ያኔ 68000 ግዙ።

ስትገዙ ታዲያ ዓይናችሁን ክፈቱ። የእኔ 68000 ላዩ ላይ 12 ሜጋኸርዝ ይላል። ከ8 ትንሽ ከፍ ሳደርገው ቀጥ ይላል። ቦርዱን ሁለት ቀን ስፈትሽ ከረምኩ። በመጨረሻ ጥጥ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነክሬ ቺፑን ሳሸው፣ ጥቁሩ ቀለም ከነጽሑፉ ጥጡ ላይ ቀረ። ከሥሩ የተፋቀ ፕላስቲክ ብቅ አለ። ለካ ቀርፋፋ ቺፕ ፍቀው፣ ቀብተው፣ 12 ብለው ጽፈውበታል። 15 ዶላሬን በሉኝ!

8088ም ቀብተው ይሸጣሉ፤ ግን 4 ዶላር ቢበሉኝ ያን ያህል አያንገበግበኝም። አሁን ከድሮ ቦርድ የተነቀለውን፣ እግሩ ላይ የብየዳ ርዝራዥ ያለበትን ነው የምመርጠው። ጽሑፉ ትናንት የታተመ የሚመስለውን እለፉት።