ልጄን «አልቆርጠውም» ላለኝ ፀጉር አስተካካይ

ኮተቤ አካባቢ ወንድ ልጅ ያላችሁ እናቶች፣ አንድ ፀጉር አስተካካይ ልጠቁማችሁ። የማመሰግነው ደግሞ አልቆርጥም ስላለኝ ነው።

የበዓል ዋዜማ ነበር፣ ቤቱ በወረፋ ተጨናንቋል። ልጄን ወንበር ላይ አስቀምጦ ከጆሮው በላይ ያለችውን ክብ ቦታ ገለጥ አድርጎ አየ። ቆዳው ቅርፍርፍ ብሏል፣ ፀጉሩም ከሥሩ ተቀንጥሷል። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በቀስታ «እህቴ፣ ይሄ ቆረቆር ይመስለኛል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ አሳዪው፤ ማሽን ካስነካሁት ለሌላውም ልጅ ይተርፋል» አለኝ። በዋዜማ ገበያ ገንዘብ መመለስ ቀላል አይደለም! ልጄንም ሰው ፊት አላሳፈረብኝም።

እውነቱን ነበር። ጤና ጣቢያ ያየችን ጤና መኮንን ቅርፊቱን ፍቃ በማይክሮስኮፕ አስመረመረችው፤ ፈንገስ ሆኖ ተገኘ። እሷንም እግዜር ይስጥልኝ፣ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ፈንገስ ተክልም ባክቴሪያም አይደለም፣ ራሱን የቻለ ወገን ነው። የእንጀራ ሻጋታ፣ የዳቦ እርሾ፣ እንጉዳይ ሁሉም ዘመዶቹ ናቸው። አብዛኞቹ አይነኩንም። ቆረቆር የሚያመጡት ግን ኬራቲን የሚባለውን የቆዳ፣ የፀጉርና የጥፍር ፕሮቲን ይመገባሉ፤ በእግር ጣት መሀል የሚያሳክከውም የእነሱው ሥራ ነው። በማበጠሪያ፣ በኮፍያ፣ በፀጉር ማሽን ይተላለፋሉ።

ቅባት ብቻውን ፀጉሩ ሥር ስለማይደርስ ግሪሲዮፉልቪን የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ታዘዘለት። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወሰዳል፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ይሄን አይገድልም። ጎረቤት «ለሁሉም ይሆናል» እያለ የሚያውሰን የስቴሮይድ ቅባት ደግሞ መቅላቱንና ማሳከኩን ለጊዜው ደብቆ ፈንገሱን ያስፋፋዋል። የገረመኝ፣ ግሪሲዮፉልቪን ራሱ በ1939 እ.ኤ.አ. የተገኘው ከሻጋታ መሆኑ ነው። እሾህን በእሾህ!

ልጄ ድኖ አሁን እዚያው ይቆረጣል። ፀጉር አስተካካዩ ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ የማሽኑን ጥርስ ፈትቶ ፀጉሩን በብሩሽ ያራግፋል፣ ከዚያ ፀረ-ተህዋስ ውስጥ ይነክረዋል፤ እሳት አሳይቶ ብቻ ወደ ሌላ ራስ አይሄድም። ፎጣም ለየሰዉ ይቀይራል። ዋጋው ከሰፈሩ አይለይም።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቅዳሜ ወረፋው አይቻልም፣ በሥራ ቀን ሂዱ።