ዊንዶውስ ሰርቨር 2025 ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ሪስታርት ማድረግ በእርግጥ ቀርቷል?

የቴክኖሎጂ ዜናዎችን የተከታተለ ሰው ዊንዶውስ ሰርቨር (የማይክሮሶፍት የሰርቨር ሲስተም) ከእንግዲህ ሪስታርት አይፈልግም፣ ያለ ሪስታርት በመታደስ ተፎካካሪው ሊነክስ ላይም ደርሶበታል ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። የወሬው መነሻ ሆትፓች የሚባለው የአስተዳደስ ዘዴ ነው። የደኅንነት አፕዴቱ ሜሞሪ ላይ እየሠራ ያለውን ኮድ ስለሚቀይር ማሽኑ መጥፋት አያስፈልገውም። የድርጅታችን ፋይል ሰርቨር ላይ ለወራት ተጠቅሜበታለሁ፤ በደንብ ይሠራል። ድሮ ሰው ከቢሮ እስኪወጣ ይጠበቅ የነበረው ሥራ አሁን ሠራተኛው ፋይል ከፍቶ እየሠራ ያልቃል።

ቀርቷል የሚለው ግን ልክ አይደለም። በጃንዋሪ፣ በኤፕሪል፣ በጁላይና በኦክቶበር የሚመጣው ዋና አፕዴት ሪስታርት ይጠይቃል፤ በዓመት 12 የነበረው ወደ 4 ይወርዳል ማለት ነው። የዶትኔት (የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ)፣ የድራይቨርና የፈርምዌር አፕዴቶች ደግሞ በሆትፓች አይሸፈኑም።

ዋጋውን ዜናዎቹ ብዙም አላነሱትም። ከጁላይ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በራስ ቢሮ ላለ ሰርቨር ለሆትፓች በወር ለአንድ ኮር (የፕሮሰሰሩ አንድ ክፍል) 1.50 ዶላር ይከፈላል፤ ሰርቨሩም ከአዙር አርክ፣ ማለትም ከማይክሮሶፍት ክላውድ የማስተዳደሪያ አገልግሎት ጋር መገናኘት አለበት። ባለ 16 ኮር ማሽን በዓመት 288 ዶላር ይፈጃል። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ለእኛ ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ ለፋይል ሰርቨሩ ብቻ አስፈቀድኩ። ሁለት ዶሜይን ኮንትሮለር (የተጠቃሚዎችን መግቢያ የሚያረጋግጥ ሰርቨር) ያለው ቢሮ አንዱን ሪስታርት ሲያደርግ ሌላው ስለሚሸፍን ለእነሱ መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው።

ሊነክስ ላይ ያለ ሪስታርት የሚያድሰው ኬስፕላይስ በ2008 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል፤ የዚሁ ዘዴ (ላይቭ ፓች) መሠረትም በ2015 እ.ኤ.አ. በከርነል፣ ማለትም በሲስተሙ እምብርት፣ 4.0 ውስጥ ገብቷል። እዚያም ቢሆን በአብዛኛው የሚጠገነው ከርነሉ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው ጂሊብሲ ወይም ኦፕንኤስኤስኤል ሲታደሱ የሚጠቀሙባቸው አገልግሎቶች አብዛኛውን ጊዜ እንደገና መነሳት አለባቸው። ደረሰበት አልደረሰበትም የሚለው ክርክር ይህን ሁሉ ይዘለዋል።

እኔን በየቀኑ የሚጠቅመኝ ብዙ ያልተወራለት ነው። ኤስኤምቢ (የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ ዘዴ) በኢንተርኔት ተመስጥሮ እንዲያልፍ የሚያደርገው ኤስኤምቢ ኦቨር ኩዊክ ቀድሞ አዙር ኤዲሽን በሚባለው የሰርቨሩ ዓይነት ብቻ ነበር፤ አሁን ስታንዳርድ የሚባለውም አለው። ቅርንጫፍ ያሉ ባልደረቦቼ ያለ ቪፒኤን፣ በዩዲፒ 443 (የኔትወርክ በር ቁጥር) ፋይላቸውን ይከፍታሉ፤ ኮምፒውተራቸው ግን ዊንዶውስ 11 መሆን አለበት። ሰርቨርን ከርቀት በትእዛዝ ማስተዳደሪያው ኦፕንኤስኤስኤችም ተጭኖ ስለሚመጣ ማብራት ብቻ ይበቃል፤ ዊንዶውሱንም ኡቡንቱውንም (የሊነክስ ዓይነት) ከአንድ ተርሚናል አስተዳድራለሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌ ናስ (በኔትወርክ የሚያገለግል የፋይል ማከማቻ) ካላችሁ ፈትሹት። ይህ ሰርቨር ወደ ሌላ ማሽን ሲገናኝ የኤስኤምቢ ፊርማን (መልእክቱ በመንገድ እንዳልተቀየረ ማረጋገጫ) ግዴታ ስለሚያደርግ፣ ፊርማ የማይችል ናስ ላይ ባክአፕ የሚጽፍ ሥራ ይቆማል።