እድሩ፣ ሣጥን ሻጩ እና የእናቴ ደብተር

ከሜሪላንድ የመጣሁት የ82 ዓመት እናቴን ለመጠየቅ ቢሆንም፣ ከሦስት ሳምንት እረፍቴ አብዛኛውን የወሰደው እሷ ራሷ ያዘዘችኝ የቀብሯ ዝግጅት ነው። «እኔ ሳልፍ ደንግጣችሁ የተጠየቃችሁትን ሁሉ እንድትከፍሉ አልፈልግም፤ ነፍሴ ሳትወጣ እንጨርሰው» አለችኝ። እናቴ ዕድሜዋን የኖረችው ካዛንቺስ ሲሆን፣ ከዓመታት በፊት የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላት የምትኖረው ከከተማዋ ዳር፣ የካ አባዶ ነው። በዚህ ምክንያት ያየኋቸውን አገልግሎቶች እንዳገኘኋቸው እጽፋለሁ።

የጀመርኩት ከእድሩ ነው። እናቴ የካዛንቺስ እድሯን አልተወችም፤ ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ከፈረሰ በኋላም አባላቱ ከየተበተኑበት እየመጡ በወር አንድ እሑድ ይሰበሰባሉ። ጸሐፊው ጠርዙ የተበላ መዝገብ አውጥተው በእናቴ ስም ትይዩ ያለውን የቀይ እስክሪብቶ ምልክት በጣታቸው ሲከተሉ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ባዶ ሆነው ተገኙ። ወንድሜ መዋጮውን በስልክ ይልክላቸው የነበሩት ጎረቤት ዘግይተው ነበር፤ በእድሩ ደንብ ደግሞ ሦስት ወር በተከታታይ ያልከፈለ አባል ይሰረዛል። ከዚህም ሌላ ከሰፈሩ ርቆ ለሚኖር አባል ድንኳን፣ ወንበርና ዕቃ እንደማይላክ፣ በምትኩ ጥሬ ገንዘብ ብቻ እንደሚሰጥ በዚያው ደንብ ላይ ተጽፏል። እናቴ ይህን ሁሉ ዓመት ስትከፍል የኖረችው ድንኳኑ ደጇ ድረስ እንደሚመጣላት አስባ ነው። ጸሐፊው በትሕትና «ልጄ፣ ደንቡን ለማንበብ የሚመጣው ሰው ሁሉ ሐዘን ከደረሰበት በኋላ ነው የሚመጣው» አሉኝ። ውዝፉን ከፍዬ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ተቀበልኩ። ለድንኳኑ ሲባል የካ አባዶ ባለው የብሎኩ እድርም አስመዘገብኳት፤ እዚያ የመግቢያ ክፍያና አገልግሎት ሳይሰጥ የሚቆይ የመጠባበቂያ ጊዜ ስላለ፣ አረጋዊ ወላጅ አዲስ ሰፈር የገባለት ሰው ይህን ጉዳይ ነገ ዛሬ ባይል ይሻላል።

ሣጥን ሻጮቹ ዘንድ የሄድኩት ከአሜሪካ በለመድኩት ጥያቄ ነው። እዚያ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ደንብ መሠረት፣ የቀብር አገልግሎት ሰጪ በአካል ለጠየቀው ሰው የእያንዳንዱን ነገር ዋጋ ለይቶ በጽሑፍ መስጠት፣ በስልክ ለሚጠይቀውም ዋጋውን መንገር አለበት፤ ከሌላ ቦታ የተገዛ ሣጥንም አልቀበልም ማለት ወይም ለዚያ ተጨማሪ ማስከፈል አይችልም። የመጀመሪያው ሻጭ ዋጋ ከመናገሩ በፊት «ከውጭ ነው የመጣሽው፣ እህቴ?» ሲል ጠየቀኝ። ከዚያም ሣጥን፣ መኪና፣ የአበባ ጉንጉንና ቪዲዮ ቀረጻ በአንድ ላይ የተጠቀለሉበት «ሙሉ አገልግሎት» ነገረኝ፤ ዘርዝርልኝ ብለው እንቢ አለ፣ ድምሩን በቢዝነስ ካርዱ ጀርባ ጽፎ በዚያው ቀን ቀብድ እንድከፍል ወተወተኝ። ትቼው ወጣሁ። ሁለተኛው ሱቅ ያገኘሁት ወጣት ግን የአንዱን ሣጥን ክዳን አንሥቶ፣ ከውስጥ የለበሰውን ነጭ ሳቲን በጣቱ ገለጥ አድርጎ ከሥሩ ያለውን ቺፕውድና የተመታበትን ስቴፕለር አሳየኝ። ቀጥሎ የጣውላውን ሣጥን ገለበጠና ልዩነቱን አስረዳኝ፤ የእያንዳንዱን ዋጋ በየመስመሩ ጽፎ ማኅተም አደረገበት። ዋጋው ከመጀመሪያው ሰው ከግማሽ በታች ነበር። በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ መለጠፍና ደረሰኝ መስጠት ስላለበት፣ ዝርዝር መጠየቅ የውጭ አገር ጣጣ ተደርጎ መቆጠር የለበትም። ቢሆንም ለዚህ ጨዋ ወጣት እንኳ ቅድሚያ አልከፈልኩም፤ ሱቁ ነገ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል?

በቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት የገጠመኝ ነገር ጥሩ ነው፤ ክፍያው በደብሩ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ብቻ እንደሚፈጸምና ፉካ ለስንት ዓመት እንደሚሰጥ በግልጽ ነገሩኝ። በአጥሩ በኩል «ቦታ አገኝልሻለሁ» ያለኝን ሰው አላነጋገርኩትም።

በጣም የተሳሳትኩት በወረቀቱ ጉዳይ ነው። እናቴ ለወንድሜ ውክልና ስለሰጠችው፣ ለቀብሩ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከሒሳቧ ያወጣል ብዬ ነበር። ውክልና ግን ወካዩ ሲሞት ያበቃል፤ ባንኩም ወራሾች ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ እስኪያመጡ ገንዘቡን ይይዘዋል። ስለዚህ የቀብሩን ገንዘብ ወደ እኔና ወንድሜ የጋራ ሒሳብ አዛወርነው። በዚህ ላይ የተነሣውን የወንድምና የእህት ክርክር አልጽፈውም።

ከዚያ እናቴ ከቁም ሣጥኗ ደብተር አወጣች፤ በ2009 ዓ.ም. በገዛ እጇ የጻፈችው ኑዛዜ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በተናዛዡ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ላለው ሰው ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተሰጠ ይፈርሳል። «የገዛ እጄ ጽሑፍ አይደለም እንዴ?» ብላ ተቆጣች። በዚሁ ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡና ቀኑም በላዩ መጠቀስ፣ ወዲያውም በሁሉም መፈረም ስላለበት፣ ከሕንፃው አራት ጎረቤቶች ተጠርተው ሳሎኗ ውስጥ ቡና እየተፈላ አዲሱ ኑዛዜ ተነበበ። አንባቢው ስለ ቀብሩ የሚናገረው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ እናቴ እጇን አንሥታ አስቆመቻቸውና አንድ መስመር አስጨመረች፦ ሣጥኑ ከጣውላ ይሁን፣ ቪዲዮና የአበባ ጉንጉን የሚባል ነገር አይኑር። ጎረቤቶቹ ሳቁ፤ ወረቀቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ተነበበ፣ ከዚያም ሁሉም ፈረሙ።