ትሬቲኖይን፣ አዳፓሊን፣ ታዛሮቲን ወይስ ሬቲኖል? ለፊታችን የቱን እንግዛ

ባለፈው ጥቅምት ሜሪላንድ በምሠራበት ፋርማሲ፣ ስድሳ ዓመት የሚጠጋቸው እናት መጡና ሻርፓቸውን ከጉንጫቸው ላይ ገለጥ አደረጉልኝ። የአፋቸው ዳርና የአፍንጫቸው ግራና ቀኝ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተልጧል። ጉንጫቸው ቀልቶ ያብረቀርቃል። ከቦርሳቸው ያወጡት ቱቦ 0.1% ትሬቲኖይን ጄል ነው፤ የእህታቸው ልጅ ለብጉር ታዞላት የተረፋትን ነው የሰጠቻቸው። «የኔ ልጅ፣ ጠንካራው ነው ቶሎ የሚሠራው ብላኝ፣ ማታ ማታ እንደ ቫዝሊን ደህና አድርጌ ተለቀለቅኩት» አሉኝ። «እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንዳይነኩት» አልኳቸው። ቁስሉ በሁለት ሳምንት ዳነ። ተልጦ በነበረበት ቦታ የቀረው ጥቁር ምልክት ግን እስከ ፋሲካ ድረስ አልለቀቃቸውም።

እንዲህ ዓይነት ገዢ በየሳምንቱ ይመጣብኛል፤ ስለዚህ አቋሜን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለእኛ ቆዳ የሚሻለው ሬቲኖይድ (የአራቱም የወል ስም ነው) ጉልበተኛው አይደለም፤ ሳያቃጥላችሁ ዓመት ሙሉ ልትቀቡት የምትችሉት ነው። የእኛ ቆዳ በተቆጣ ቁጥር ጥቁር ምልክት ጥሎ ያልፋል። ለማጥፋት የተነሳንበትን ነጠብጣብ በገዛ እጃችን እንጨምረዋለን ማለት ነው።

አራቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው

ሁሉም ከቫይታሚን ኤ ጋር ይዛመዳሉ። የቆዳ ሕዋስ የሚያውቀው ሬቲኖይክ አሲድን ነው፤ ትሬቲኖይን ራሱ እሱ ነው። ሬቲኖል ግን ቆዳችን ውስጥ ከገባ በኋላ መጀመሪያ ሬቲናልዲሃይድ፣ ከዚያ ሬቲኖይክ አሲድ መሆን አለበት፤ በመንገድ ላይ ብዙው ይባክናል። አዳፓሊንና ታዛሮቲን በቤተ ሙከራ የተሠሩ ሆነው እዚያው ሕዋስ ላይ የሚሠሩ ናቸው።

ፀሐይ ቆዳን የሚያጸናውን ኮላጅን እያፈረሰች ትቀጥላለች። ትሬቲኖይን ያንን ማፍረስ ይገታል፣ አዲስ ኮላጅን እንዲሠራም ይገፋፋል፤ የላይኛው ቆዳ ቶሎ ቶሎ እንዲታደስ ስለሚያደርግ የተከማቸው ጥቁረትም ይበተናል።

ታሪኩን ማወቅ ለምርጫም ይጠቅማል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማን የሠሩበት ትሬቲኖይን፣ ሬቲን-ኤ በሚለው ስም በ1971 አሜሪካ ውስጥ ለብጉር ተፈቀደ። ለብጉር ከተቀቡት መካከል ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት ሴቶች ፊታችን ለሰለሰ፣ ሽብሽቡም ቀነሰ ማለት ጀመሩ። ክሊግማን ይህንን በ1986 አሳተሙት። በ1988 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች 30 ሰዎችን ይዘው ለ16 ሳምንት መድኃኒቱን ከባዶ ክሬም ጋር አወዳደሩ፤ ልዩነቱም ታየ። ለፊት ሽብሽብ ተብሎ የተፈቀደው የመጀመሪያው ትሬቲኖይን ሬኖቫ ነው፤ ዓመቱ 1995።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ክሊግማን ፊላደልፊያ በሚገኘው የሆልምስበርግ እስር ቤት፣ አብዛኞቹ ጥቁር በሆኑ እስረኞች ላይ ለዓመታት የቆዳ ሙከራ አድርገዋል፤ የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ትምህርት ቤት በ2021 ለዚህ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። የሬኖቫን መግለጫ ወረቀት ስታነቡ ደግሞ መካከለኛና ጥቁር መልክ ባላቸው ሰዎች ላይ ደኅንነቱና ፈዋሽነቱ አልተረጋገጠም የሚል ታገኛላችሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ሁልጊዜ ያመኛል።

ደግነቱ ስለ እኛ ቆዳ ጨርሶ ጥናት የለም ማለት አይቻልም። የሚሺጋን ሐኪሞች በ1993 ያሳተሙት ጥናት ጥቁር ታካሚዎችን ብቻ የያዘ ነው። ብጉርና ቁጣ የተዉባቸውን ጥቁር ምልክት 0.1% ትሬቲኖይን ለ40 ሳምንት ተቀብተው ምልክቱ በግልጽ ደብዝዞላቸዋል። መድኃኒቱን ከተቀቡት ግማሽ ያህሉ ግን ፊታቸው ተቆጥቷል። መድኃኒቱ ይሠራል፤ መጠኑና አቀባቡ ላይ ነው ጥንቃቄው።

ትሬቲኖይን፦ 0.025፣ 0.05 ወይስ 0.1?

ገዢ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ቆም ልበል። በ1995 የታተመ ጥናት 0.1% እና 0.025%ን ለ48 ሳምንት አወዳድሯል። በፀሐይ የተጎዳው ፊት በሁለቱም ተቀራራቢ በሆነ ደረጃ ተሻሻለ፤ 0.1% ግን እጅግ ይበልጥ አስቆጣ። አራት እጥፍ የበረታው ክሬም የጨመረው ቃጠሎና ልጣጭ ነው። እንግዲህ ሐኪማችሁ የተለየ ምክንያት ካላቸው በስተቀር 0.025% ብለው እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። 0.05% ከስድስት ወር በኋላ፣ ቆዳችሁ ከለመደው ይመጣል። 0.1%ን ለሽብሽብ ብዬ ለማንም አልመክርም።

ክሬም ወይስ ጄል የሚለው ከቁጥሩ ያላነሰ ለውጥ አለው። ተራው ጄል አልኮል ስላለበት ያደርቃል፤ ለወዛምና ብጉር ለሚወጣበት ወጣት ፊት ነው የተሠራው። ከአርባ በላይ ለሆነ ሰው፣ በተለይ በብርድ ወራት ማሞቂያ ሲነድበት ለሚያድር ቤት፣ ክሬም ይሻላል። ቀስ እያለ የሚለቀው ማይክሮ የሚባለው ጄል ከተራው ጄል ለስለስ ይላል፤ ዋጋው ግን ይንራል።

ትሬቲኖይን ብርሃን ያበላሸዋል፤ ማታ የሚቀባው ለዚህ ነው። የብጉር መድኃኒት የሆነው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከአብዛኛው ትሬቲኖይን ጋር ባንድ ላይ ሲቀባም ያከሽፈዋል፤ የምትጠቀሙ ካላችሁ እሱን ጠዋት አድርጉት።

አዳፓሊን

በአሜሪካ 0.1% አዳፓሊን ጄል ከ2016 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ከመደርደሪያ ላይ ይነሳል፤ ዲፈሪን የሚባለው ነው። 0.3% ግን አሁንም ማዘዣ ይፈልጋል። ብርሃን አያበላሸውም፣ ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋርም ይስማማል፣ ከትሬቲኖይን ይልቅ ለቆዳ ይለዝባል። የተፈቀደው ለብጉር ብቻ መሆኑን ግን እወቁ። ለፀሐይ ጉዳት፣ በ2018 የታተመ የብራዚል ጥናት 0.3% አዳፓሊንን ከ0.05% ትሬቲኖይን ጋር ለ24 ሳምንት አስተያይቶ ውጤታቸው ተመሳሳይ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ ስለ 0.3% ነው፤ 0.1% ላይ ያን ያህል መተማመኛ የለኝም።

ዕድሜያችሁ ከሠላሳ እስከ አርባ አምስት ከሆነ፣ ብጉሩም አልፎ አልፎ ብቅ የሚል፣ የብጉሩ ጥቁር አሻራም ያለ ከሆነ፣ የሐኪም ቀጠሮ እስኪደርስ በዚህ ጀምሩ። እኔ ራሴም የጀመርኩት በዚሁ ነው፤ አራት ወር ግድም ሲሆነኝ አገጬ ላይ የነበረው የጠቆረ ምልክት ደብዝዞ በመስታወት መፈለግ ነበረብኝ።

ታዛሮቲን

ከሁሉም የበረታው ነው። 0.1% ክሬሙ አቬጅ በሚል ስም ለፊት ሽብሽብና ለነጠብጣብ በ2002 ተፈቅዷል። ከትሬቲኖይን ጋር ሲወዳደር ለውጡ ቶሎ ይታያል፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቃጠሎም ይብሳል። እርጉዝ ሴት ፈጽሞ አትቀባውም፤ ከመጀመሯ በፊት የእርግዝና ምርመራ ይጠየቃል። ለእኛ ቆዳ የመጨረሻው ምርጫ ላይ ነው የማስቀምጠው፦ ትሬቲኖይንን ዓመት ተቀብታ ቆዳዋ የለመደ፣ የሚከታተላት የቆዳ ሐኪም ያላት ሴት ትሞክረው።

ስለ እርግዝና ካነሳሁ፦ ትሬቲኖይንም አዳፓሊንም ሬቲኖልም ቢሆኑ ካረገዛችሁ ወይም ለማርገዝ ካሰባችሁ አቁሙ። የምታጠቡ ሐኪም ጠይቁ።

ሬቲኖል

በኮስሞቲክስ ቤት የሚሸጠው ይህ ነው። በጉልበት ከትሬቲኖይን በብዙ እጥፍ ያንሳል፤ ከንቱ ግን አይደለም። ችግሩ ገዢው የሚገዛውን አለማወቁ ነው። ብዙ አምራች መጠኑን አይጽፍም። የአውሮፓ ኅብረት ለፊት በሚሸጥ ቅባት ላይ ሬቲኖል ከ0.3% እንዳይበልጥ ስለወሰነ፣ እዚያ ያላችሁ ቢያንስ ጣሪያውን ታውቃላችሁ። መጠኑ የተጻፈበትን፣ ብርሃንና አየር በማያስገባ ቱቦ ወይም ፓምፕ የታሸገውን ምረጡ፤ ክዳኑ ተከፍቶ በጣት የሚጨለፈውን ብልቃጥ ተዉት፣ ሬቲኖል አየር ሲነካው ይበላሻልና። ሬቲኒል ፓልሚቴት የሚል ብቻ ካለበት ከሁሉም ደካማው እሱ ነው፤ ገንዘባችሁን አታውጡበት።

ቆዳቸው በትንሹም በትልቁም ለሚቆጣ ሰዎች ሬቲኖል ጥሩ መነሻ ነው። ውድ ሬቲኖል ግን አይገባኝም። እዚህ አሜሪካ ጄነሪክ፣ ማለትም ያለ ታዋቂ የንግድ ስም የሚሸጠው፣ ትሬቲኖይን ብዙ ጊዜ ከስመ ጥር ሬቲኖሎች በታች ይሸጣል። ኢንሹራንስ ለሽብሽብ አይከፍልም፤ ይህ እንደ ውበት ነገር ስለሚቆጠር ነው። ስለዚህ ፋርማሲውን በጥሬ ገንዘብ ስንት ነው፣ የቅናሽ ኩፖን ይቀበላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ሁለት ሦስት ፋርማሲ ደውሉ፣ ልዩነቱ ያስደነግጣችኋል። የ20 ግራም ቱቦ በአግባቡ ከተቀባችሁት ከሁለት ወር በላይ ይዘልቃል።

ትሬቲኖይን የሚል ሁሉ ትሬቲኖይን አይደለም

የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ የአንድ ክሬም ካርቶን ፎቶ ላከችልኝ፤ «አንቺ የምትይው ይኼ ነው?» ብላ። ትሬቲኖይን የሚለው አለ። ፎቶውን ሳሰፋው ሃይድሮኪኖን (ቆዳ የሚያነጣ መድኃኒት) እና ሞሜታዞን የሚሉ ሁለት ተጨማሪ ስሞች ወጡ። ማድያት ያጠፋል፣ ፊት ያቀላል ተብሎ ነው የተሸጠላት።

ይህ የሦስት መድኃኒት ቅልቅል ነው። የሚመሳሰለው ቅልቅል (በሞሜታዞን ፈንታ ፍሉኦሲኖሎን ያለበት) አሜሪካ ውስጥ በ2002 ለማድያት ሲፈቀድ እስከ 8 ሳምንት ለሚደርስ አጭር ጊዜ፣ በሐኪም ክትትል ተብሎ ነው። ሞሜታዞን ስቴሮይድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት ይጠራል፣ ሰውም ያመሰግነዋል። ለወራት ሲቀባ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉርና ፀጉር ያወጣል፤ ሲያቆሙት ፊት ይነድዳል፣ ማድያቱም ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። በካርቶኑ ላይ ሞሜታዞን፣ ቤታሜታዞን፣ ፍሉኦሲኖሎን ወይም ክሎቤታሶል ካያችሁ፣ ለሽብሽብ የምትፈልጉት እሱ አይደለም፤ መልሱት። ለወራት ስትቀቡት የቆያችሁ ግን በድንገት ከመጣላችሁ በፊት የቆዳ ሐኪም እዩ፤ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል፣ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ የቆዳ ሕክምና አላቸው።

አቀባቡ

ማታ ፊታችሁን በለስላሳ ሳሙና ታጥባችሁ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁ፤ እርጥብ ቆዳ ላይ ይበልጥ ያቃጥላል። ለመላው ፊት አንዲት አተር የምታህል ብቻ። ግንባር፣ ሁለቱ ጉንጭና አገጭ ላይ ነካ ነካ አድርጋችሁ ስቡት፤ የዓይን ዙሪያ፣ የአፍንጫ ጥግና የከንፈር ዳር ይቅር። ከዚያ ማለስለሻ ቅባት። ቆዳችሁ ስስ ከሆነ ማለስለሻውን ከሥርም ከላይም አድርጉት። የመጀመሪያው ወር በሳምንት ሁለት ሌሊት ይበቃል፤ ሰኞና ሐሙስ በሉት። በመጀመሪያው ወር ትንሽ መድረቅና መላጥ ያለ ነው፤ ካቃጠለና ካበጠ አቁሙ። ቅንድብና ከንፈር በክር ወይም በሰም የምታስነሱ፣ ከሳምንት በፊት አቁሙት፤ ካልሆነ ሰሙ ቆዳውን ይዞት ይነሳል።

ልስላሴው በሦስት ወር ግድም ይታወቃል፤ ሽብሽብ ስድስት ወርም ከዚያ በላይም ይፈልጋል። ስስ መስመር ይለዝባል፣ ነጠብጣብ ይደበዝዛል፤ የጠለቀ እጥፋትና የወረደ ጉንጭ በየትኛውም ክሬም አይነሳም። ስታቆሙት ለውጡ ቀስ በቀስ ይመለሳል።

ጠዋት ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ካልተቀባችሁ ትሬቲኖይኑን አትግዙ፤ ይህንን በሙሉ ልቤ ነው የምለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10% ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐይዋ ቀላል ትመስለናለች። ማድያት ያለባችሁ ደግሞ ቀለም ያለውን፣ አይረን ኦክሳይድ የገባበትን መከላከያ ምረጡ፤ ማድያትን የሚያባብሰው የሚታየው ብርሃንም ጭምር ስለሆነ፣ ነጩ መከላከያ ብቻውን አይመክተውም።

ለአገር ቤት ሰው የምትልኩ፣ የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ፣ ቱቦውንም ከነካርቶኑ ላኩት። የሬቲን-ኤ ክሬም ከ27 ዲግሪ፣ ጄሉ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መቀመጥ አለበት። ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ድሬዳዋ ላላችሁ፣ መኪና ውስጥ የዋለ ቱቦ አትቀበሉ፤ ስትገዙም መደርደሪያው ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ሥር መሆን አለመሆኑን እዩ።